አራተኛው አንቀጽ

ዮአዳን ሐጂ ከሊልን ገና ከመጀመሪያው ቀን አልወደደቻቸውም። አንቱ የምትላቸው እናቷ በሥርዓት ስላሳደገቻት ነው እንጂ ከልቧ አልነበረም። ሰውዬው ሰው ሲያናግሩ ዓይናቸው ስልካቸው ላይ ነው፤ በስልክ ሲያወሩ ደግሞ ዓይናቸው ፊታቸው ያለውን ሰው ከእግር እስከ ራሱ ይለካዋል። ሜይፌር በሚባለው የጆሃንስበርግ ሰፈር ውስጥ ሦስት ፎቅ ሕንፃ አላቸው። ምድር ቤቱ የሳሙና፣ የዘይትና የብስኩት ጅምላ መሸጫ ነው፤ ከላይ ያለው ደግሞ የሐበሻ ነጋዴዎች ማኅበር ቢሮ። ማኅበሩ ከተመሠረተ ጀምሮ ሊቀመንበሩ እሳቸው ናቸው። ምርጫ ተደርጎ ያውቃል ወይ ብሎ የጠየቀም የለም።

እሷን ወደዚያ ሕንፃ የጎተታት አንድ ያረጀ የቆርቆሮ ሣጥን ነበር።

ዮአዳን ጆሃንስበርግ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የምታስተምር፣ ትሮይቪል ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይታ የምትኖር ሴት ናት። ዕድሜዋን የፈጀችበት ጉዳይ ለጓደኞቿ እንቆቅልሽ ነው። ህንዶች በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ሳሉ መጀመሪያ ያቋቋሟቸውን የፖለቲካ ማኅበራት ታጠናለች። ካልካታ፣ ቦምቤይ፣ ማድራስ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1850 ወዲህ። ባለርስቱ፣ ጠበቃውና ትልልቁ ነጋዴ አዳራሽ ተከራይቶ ይሰበሰባል፤ ለለንደን ፓርላማ «ትሑት አገልጋዮቻችሁ» ብሎ አቤቱታ ይጽፋል። ገበሬው አይጠራም። የመዋጮው ልክ ራሱ በሩን ይዘጋበታል። ያ አቤቱታ የመጻፍ ልማድ ባሕር ተሻግሮ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ዘልቋል፤ ከህንድ የመጡ ነጋዴዎች እዚህም ተሰብስበው «በትሕትና እንለምናለን» ሲሉ ኖረዋል። ዮአዳን የምትጽፈው መጽሐፍ ስለዚህ ነበር። አምስት ዓመት ሆኖታል፤ አላልቅ ብሏታል።

የሐጂ ከሊል ሕንፃ ደግሞ ድሮ የአንድ ህንዳዊ ነጋዴ ቤተሰብ ነበር። ሲሸጡላቸው ምድር ቤቱ ጥግ የቆርቆሮ ሣጥን ትተው ሄዱ፤ ውስጡ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ ደብዳቤና የአቤቱታ ግልባጭ ሞልቶበታል። ይህን የሰማች ቀን ዮአዳን እንቅልፍ አልወሰዳትም። በማግስቱ ሄዳ ሐጂን ደጅ ጠናች።

«ሣጥኑን ታያለሽ፣» አሏት ሐጂ ከሊል ስልካቸውን እያዩ። «አንቺ ደግሞ አንድ ጽሑፍ ትጽፊልናለሽ። ዶክተር የጻፈው ነገር ክብደት አለው።»

ጽሑፉ ለምን እንደሆነ ሜይፌር ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ጻካኔ በተባለው ሎኬሽን፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለው የጥቁሮች ሰፈር፣ ፈሪድ የሚባል ባለሱቅ በራሱ ሱቅ ውስጥ በጥይት ተገድሎ ነበር። ከዚያ ሰፈሩ ታመሰ፣ ጎማ ተቃጠለ፣ ነገሩም እስኪበርድና የሁሉም ፔፐር፣ የመኖሪያና የንግድ ወረቀቱ፣ እስኪጣራ ተብሎ በሎኬሽኖቹ ውስጥ ያሉት ስፓዛ የሚባሉ የሐበሻ ትንንሽ ሱቆች በሙሉ ተዘጉ። ስፓዛው ሲዘጋ የሜይፌር ጅምላም ይቆማል። ስለዚህ ማኅበሩ «ሱቆቻችን ተጣርተው ይከፈቱልን» ብሎ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አቤቱታ ሊያስገባ ነው። ዮአዳን አሰበችበት፤ ነውር አላየችበትም። ሦስት አጫጭር አንቀጽ ጻፈች፤ «ከዚህ በታች የፈረምነው ሁላችን» ብላ ጀምራ «የሁላችንም ሱቅ በአንድነት ይታይልን» ብላ ጨረሰች።

ሥራውን ያበላሸችው ግን ራሷ ናት። አንድ ቅዳሜ ከሣጥኑ ውስጥ፣ ጆሃንስበርግ ገና ከተማ ሳትሆን ፕሪቶሪያ ላይ የተጻፈ አቤቱታ አገኘችና ደስታዋ ጣሪያ ነካ። ሐጂ ከሊል በዚያ በኩል የሳሙና ካርቶን ሊያስቆጥሩ ወርደው ነበር። ጠርታ አነበበችላቸው። ነጋዴዎቹ ህንዶች ሆነው ሳሉ እንዲህ ይላሉ፤ እኛ አረብ ነን፣ የተከበርን ነጋዴዎች ነን፣ በሸንኮራ እርሻ ላይ ሊሠሩ ከመጡት ኩሊዎች ጋር አንድ ላይ አትቁጠሩን፤ ሕግ ካስፈለገ ሕጉ ለእነሱ ይሁን።

«አዩ?» አለች ዮአዳን ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ። «የገዛ አገራቸውን ሰው ነው አሳልፈው የሰጡት። ሕጉ በ1885 ሲወጣ ደግሞ ኩሊ ብሎ፣ ወዲያው ቀጥሎ አረብ ብሎ፣ ሁሉንም በስማቸው ጠርቶ ባንድ ገመድ አሰራቸው። ልመናቸው አልጠቀማቸውም።»

ሐጂ ከሊል ለመጀመሪያ ጊዜ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«እስቲ እሱን አንቀጽ ድገሚልኝ።»

ደገመችላቸው። ስልካቸውን መልሰው አወጡና ወረቀቱን ፎቶ አነሱት።

«ጎበዞች ነበሩ፣» አሉ።

ዮአዳን የቀለዱ መሰላት፤ ሳቀች። አስተማሪ ሲባል ይኸው ነው፤ ዝም ብሎ ያዳመጠው ሰው ሁሉ ትምህርቱ የገባው ይመስለዋል።

በዚያው ሳምንት ደረጃው ላይ አንዲት ጥቁር ሻርፕ የተከናነበች ሴት አስቆመቻት። የሟቹ የፈሪድ እህት ባህሪያ ነበረች። ከሀላባ ተከታትለው መጥተው፣ ስምንት ዓመት አንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው የነገዱ እህትና ወንድም ናቸው። ዮአዳን ለቅሶ ሄዳ ስለነበር በዓይን ታውቃታለች።

«እህቴ፣ አንቺ ነሽ አሉ የምትጽፊው፣» አለች ባህሪያ። «የኔ ሱቅ አለበት?»

«አለበት።»

«እርግጠኛ ነሽ? የቤቱ ባለቤት ጎጎ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው የምትጠብቀኝ። ደግ ናት፣ ግን እሷም ኪራይ በልታ የምታድር አሮጊት ናት። ወሩ ካለፈ ለፓኪስታኖቹ ትሰጠዋለች። ከዚያ በኋላ እኔ ምንም የለኝም እህቴ። ወንድሜንም ሱቁንም በአንድ ወር?»

«ሁላችሁም አላችሁበት። እኔ ነኝ የጻፍኩት፣» አለቻት ዮአዳን። እንደዚያ በማለቷ ልቧን ትንሽ ሞቅ አለው። ለአንድ ጊዜ እንኳ የምታውቀው ነገር ለሰው ጠቀመ።

አቤቱታው የሚገባው ሐሙስ ጠዋት ነበር። ዮአዳን መሥሪያ ቤቱ ስትደርስ ሐጂ ከሊል ባኪ የሚሏትን ፒክአፕ መኪናቸውን በር ላይ አቁመው ቀድመዋት ገብተዋል። ባህሪያንም ይዘዋት መጥተዋል። ለምን እንዳመጧት ግልጽ ነው፤ ጥቁር የለበሰች እህት አጠገባቸው ስትቀመጥ የሹም ልብ ይራራል። ባህሪያ ግን ሱቋን ለማስከፈት የመጣች መስሏት፣ የፈሪድን የንግድ ወረቀቶች ሁሉ በፌስታል አድርጋ ጉልበቷ ላይ ታቅፋለች። እንግሊዝኛ በጆሮዋ ትሰማለች እንጂ አታነብም። ዙሉ ግን ስምንት ዓመት ደንበኛ ያስተማራት ነውና እንደ ልቧ ነው።

ሐጂ ማህደሩን ለዮአዳን አቀበሏት። «ፊደሉን ብቻ እይልኝ። ጸሐፊው እንደገና ተይቦታል።»

አንደኛው አንቀጽ የሷ ነው። ሁለተኛውም የሷ ነው። ሦስተኛውም። ቀጥሎ አራተኛ አለ። እሷ አራተኛ አልጻፈችም።

«ከዚህ በታች የፈረምነው በሕግ የተመዘገብን ነጋዴዎች፣ በሎኬሽኖች ውስጥ ተሸሽገው ከሚነግዱ፣ ማንነታቸው ከማይታወቅ ሰዎች ጋር እንዳንቆጠር በትሕትና እንለምናለን። ለደረሰው ሁከት ምክንያቱ እነሱ ናቸው። የእነሱ ሱቅ ተዘግቶ ቢቆይ ማኅበራችን ቅሬታ የለውም።»

ዮአዳን ክው አለች። ገጹን ስትገልጥ ደግሞ ከኋላ የተያያዙትን የፊርማ ወረቀቶች አየች። አሥራ አንድ ናቸው። ስም፣ ሱቅ፣ ስልክ፣ ፊርማ። በሁለተኛው ወረቀት ሦስተኛ መስመር ላይ የገዛ ስሟ ተቀምጧል።

አቤቱታ አልፈረመችም። የፈረመችው የፈሪድ ለቅሶ ላይ ነው። የማኅበሩ ደንብ ነው፤ ለቅሶ የደረሰ ሁሉ በር ላይ በተቀመጠው ወረቀት ይፈርማል፣ የቀረ ይወቀሳል። በሦስተኛው ቀን ደግሞ የሟች ቤተሰብ በእያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ ይፈርምበታል፤ «የመጣችሁልኝን አውቄያለሁ፣ የናንተም ቀን እደርሳለሁ» ማለት ነው። በአሥራ አንዱም ወረቀት ግርጌ ያው አንድ ፊርማ አለ፤ ባህሪያ ሸምሱ። ከላይ «የወንድማችን ፈሪድ ለቅሶ» የሚለው ርዕስ በመቀስ ተቆርጦ ወጥቷል።

ደሟ ፈላ። ሐጂን ክንዳቸውን ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደቻቸው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ምኑ?»

«የለቅሶ ወረቀት ነው እኮ! የሞተ ሰው ሊቀብሩ የመጡትን ሰዎች...»

«ቀስ በይ። ሰው አለ።» ሐጂ ከሊል ፊታቸው አልተለወጠም። «ሁለት መቶ ሰው ዞሬ ላስፈርም ነው? የት አገኛቸዋለሁ? የፈረሙት አለ፤ ፊርማ ፊርማ ነው።»

«አራተኛውስ?»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ያሳየሽኝ?»

«እኔ ያሳየሁዎት እንዲጸየፉት ነው!»

«እኔ ደግሞ ወደድኩት። ስሚ ዶክተር። ሁላችንን ባንድ ላይ ሊያጠፉን ነው። የተወሰንነው ብንተርፍ አይሻልም? ሎኬሽን ያለው ነገ በሌላ ስም ሌላ ቦታ ይከፍታል፣ ለምዶታል። እኔ ሕንፃዬን በሌላ ስም የት ነው የምከፍተው?»

«መቶ አርባ ዓመት ሙሉ ያላዋጣ ብልጠት ነው የያዙት።»

«እነሱን አላዋጣቸውም። እኔ እነሱን አይደለሁም።»

«ያቺስ?» ዮአዳን በአገጯ ወደ ባህሪያ አመለከተች። «ወንድሟን የሁከት ምክንያት ብለው የሷን ፊርማ ከሥር አደረጉበት!»

ሐጂ ከሊል ኮፍያቸውን አስተካከሉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ዝቅ ሲል ነው የሚያስፈራው።

«ዶክተር፣ ምድር ቤቱን ላጸዳ ነው። ነገ ጠዋት የቆሻሻ መኪና ይመጣል። ያንቺ ሣጥን ይቅር ካልሽኝ ይቀራል። ይሂድ ካልሽኝም ይሄዳል። አንቺ ነሽ የምትመርጪው።»

እውነቱን ለመናገር ዮአዳን ፈራች። ለባህሪያ ሳይሆን ለሣጥኑ ፈራች። በሣጥኑ ውስጥ ገና ያልገለጠቻቸው አራት ቃለ ጉባኤዎች አሉ። አምስት ዓመት አላልቅ ያላት መጽሐፍ እዚያ ውስጥ ነው። ማህደሩን መልሳላቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

ባህሪያ ከጎኗ ጎንበስ ብላ አየቻት።

«እህቴ፣ ደህና ነው? ሁሉም ልክ ነው?»

«ደህና ነው፣» አለች ዮአዳን።

የተቀበለቻቸው ሹም መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ደልደል ያለች ሴት ነበረች። ሐጂ ከሊል ያጠኑትን እንግሊዝኛ አወረዱት። ማኅበሩ ሕግ አክባሪ እንደሆነ፣ ዶክተር አማካሪ እንዳለው፣ ሐዘንተኛ እህት ይዘው እንደመጡ። ሴትዮዋ በትዕግሥት ሰማቻቸው። ከዚያ መነጽሯን አድርጋ ማህደሩን ከፊት ሳይሆን ከኋላ፣ ከፊርማው ጀመረች።

አንዱን ገለጠች። ሌላውን ገለጠች። አሥራ አንዱንም ገለጠችና ጣቷን የመጨረሻው ግርጌ ላይ አሳረፈች።

«ይቺ ማን ናት?»

እዚህ አገር የኖረ ሰው ያውቀዋል። የቤት ኪራይ ውል ይሁን የፖሊስ ቃል፣ በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ የሚፈርም ሰው ለተጻፈው ሁሉ ኃላፊነት የወሰደ ሰው ነው። ሐጂ ከሊልም በመቶ ውል ግርጌ ፈርመዋል። ግን የለቅሶ ወረቀት ሲያዩ የታያቸው ለቅሶ ብቻ ነው። መቀሳቸው ከላይ እንጂ ከታች ያለውን ማየት አላሰበም።

«ይሚ፣ ማማ፣» አለች ባህሪያ በዙሉ። እኔ ነኝ እማማ።

የሴትዮዋ ፊት ፈካ። ወዲያው ወንበሯን ወደ ባህሪያ አዞረችና በዙሉ ጀመረች። ሐጂ ከሊል «ማዳም፣ እሷ እንኳ...» ብለው ነበር፤ መዳፏን አነሳችባቸው። አቤቱታውን ያቀረብሽው አንቺ ነሽ? በየገጹ የፈረምሽው አንቺ ነሽ? የፈረምሽው ተነቦልሽ ነው? ባህሪያ ለሁለተኛው አዎ አለች፤ ለሦስተኛው አልተነበበልኝም አለች። ለመጀመሪያው ግን ዞራ ዮአዳንን አየች። ሴትዮዋም መነጽሯን አወለቀች። ለዋናዋ ፈራሚ ያልተነበበ ወረቀት አልቀበልም፤ ዶክተሯ እዚሁ ፊቴ በቋንቋዋ ታንብብላት አለች።

ሐጂ ከሊል በአማርኛ፣ ፈገግ እንዳሉ፣ «ዶክተር፣ ፍሬ ነገሩን ብቻ ንገሪያት። ነገ ጠዋት ብዙ ሥራ አለብን፣» አሉ።

ዮአዳን አንደኛውን አነበበች። ሁለተኛውን አነበበች። ሦስተኛው ላይ፣ «የሁላችንም ሱቅ በአንድነት ይታይልን» የሚለው ጋ ስትደርስ ባህሪያ ራሷን ነቀነቀች፤ ፌስታሏንም ጠበቅ አደረገችው። እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ሐጂ እስክሪብቷቸውን አውጥተው ይጠብቃሉ። ዮአዳን ቀና ስትል የባህሪያ ዓይን አላንቀሳቅስ አላት፤ እንደ ተማሪ ከንፈሯን ገልጣ ትሰማለች። ያ አስተያየት ሣጥኑንም መጽሐፉንም ከደረቷ ላይ ነቅሎ ጣለው።

አራተኛውን ቃል በቃል አነበበች። አንድም ቃል አላለሰለሰችም።

ባህሪያ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለች።

«ተሸሽገው የሚነግዱ የሚለው ማንን ነው?»

«እናንተን ነው።»

«ፈሪድንም?»

«ፈሪድንም።»

«እና እኔ ነኝ የፈረምኩበት።»

«የፈረምሽው ለቅሶው ላይ ነው። ወረቀቱ እሱ ነው።»

«ባህሪያ ልጄ፣» አሉ ሐጂ ከሊል በችኮላ፣ ሹሟ እንዳትጠረጥር ፈገግታቸውን ሳያወርዱ፣ «ስሚኝ። ያንቺ ሱቅ ከተመዘገቡት ጋር ነው፤ እኔ አለሁልሽ። አሁኑኑ ስምሽን እዚህ እጨምራለሁ። ነገ ቁልፍሽን ትወስጃለሽ። ወላሂ እልሻለሁ። አሁን ግን ጉዳዩን አታበላሺ፤ አዎ፣ የኔ ነው በያትና እንውጣ።»

ዮአዳን ባህሪያን አየቻት። ስታስብ አየቻት። ይህን ማየት ከሁሉ ይከብድ ነበር፤ ምክንያቱም የተባለው ባዶ ተስፋ አልነበረም። ሐጂ ከሊል ያሉትን ማድረግ ይችላሉ። ወሩ ሊያልቅ ስድስት ቀን ቀርቶታል፣ ጎጎ በር ላይ ቁማ ትጠብቃለች፣ ፓኪስታኖቹም እንደዚሁ። አንድ ቃል ነበር የሚፈለግባት።

ባህሪያ እጇን ዘረጋችና የሐጂን እስክሪብቶ ከጣታቸው መሀል ወሰደችው።

«የትኛው ነው መስመሩ?» አለች ለዮአዳን።

ዮአዳን ጣቷን አሳረፈችላት። ባህሪያ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ሰረዘችው። መልሳ ሰረዘችው። ሦስተኛ ስትደግመው ወረቀቱ ተቀደደ። ከዚያ ለሹሟ በዙሉ ነገረቻት፤ እኔ የፈረምኩት ሌላውን ነው፣ ይሄን አልፈረምኩም፤ የኔም፣ የወንድሜም፣ እዚህ ወረቀት ላይ ስሙ ያለው ሰው ሁሉ ሱቅ አንድ ላይ ይታይ።

ሴትዮዋ የሚያስደንቅ ነገር አላየችም። ሰው ወረቀት ፊቷ ሲያርም በቀን አሥር ጊዜ ታያለች። «ከስርዙ ጎን ፈርሚ፣» አለቻት። ባህሪያ ፈረመች። ሴትዮዋ ወደ ሐጂ ከሊል ዞረች። «ሊቀመንበሩም ይፈርሙ። ወይስ ተቃውሞ አለዎት?»

ሐጂ ከሊል አፋቸውን ከፈቱ። ምን ይበሉ? ይቺ ሴት የኛ ፈራሚ አይደለችም ካሉ፣ ታዲያ በአሥራ አንዱ ገጽ ላይ ምን ትሠራለች ሊባሉ ነው። የለቅሶ ወረቀት ነው ካሉ፣ ለቅሶ ቆርጠው አቤቱታ ብለው ያቀረቡት እሳቸው ናቸው። እስክሪብቷቸውን ከባህሪያ እጅ መልሰው ተቀበሉና ፈረሙ። ማኅተሙ ሁለት ጊዜ ተመታ። ሴትዮዋ በስማቸው የተዘረዘሩት ሁለት መቶ አሥራ አራት ሱቆች በአንድ ማህደር እንደሚታዩና በሚቀጥለው ሳምንት መጀመሪያ መልስ እንደሚሰጥ ነግራ፣ ግልባጩን ለዋናዋ ፈራሚ ሰጠች።

ውጭ፣ ባኪው አጠገብ፣ የሐጂ ፈገግታ ወደቀ።

«አንቺ ውለታ ቢስ!» አሏት ባህሪያን። መንገደኛው ዞሮ አየ። «ወንድምሽን ማን ቀበረው? ድንኳኑን ማን ተከለ? ማን ነው በሜይፌር ስምሽን ያስጠራው?»

«እርስዎ ነዎት፣» አለች ባህሪያ። «ሐሙስ ቀበሩት፣ ሐሙስ ሸጡት።»

«ክፈቺው እንግዲህ ሱቅሽን! ክፈቺው! ከዛሬ ጀምሮ ከሜይፌር አንድ ካርቶን ሳሙና አይወጣልሽም። ከኔም፣ ከማንም። ባዶ መደርደሪያ ታጥቢያለሽ!» ከዚያ ወደ ዮአዳን ዞሩ። «አንቺም መጽሐፍሽን ቆሻሻ መጣያ ሄደሽ ጻፊው።»

በሩን ዘግተው መኪናቸውን አስነሱ። ባህሪያን ይዘዋት እንደመጡ እንኳ አላስታወሱም፤ ወይም አስታውሰዋል። ባኪው ከዓይን ጠፋ።

የዮአዳን ሣጥን ሄዷል፤ ያ ያማል። ቢሆንም ከሕመሙ ሥር አንድ ደስታ የሚመስል ነገር ነበረ። አነበበችው። ቃል ሳትዘል አነበበችው። ወደ ታክሲ መያዣው ጎን ለጎን ሲሄዱ ዝም ማለት አልቻለችም።

«ሐጂን አንፈልጋቸውም፣» አለች። «ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ነው። ስልካቸው ሁሉ እጅሽ ላይ ነው። ሌላ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፣ የሎኬሽን ባለሱቆች ማኅበር። ዕቃውን አንድ ላይ ሆናችሁ ከፋብሪካ ታወጣላችሁ። ደንቡን እኔ እጽፍላችኋለሁ። አቤቱታውንም። ያለ ምንም ነገር፣ በነጻ።»

ወደ ብራክፓንና ጻካኔ የሚሄደው ታክሲ ጋ ሲደርሱ ባህሪያ ቆመች።

«ውስጥ ከመግባታችን በፊት፣» አለች፣ «መስኮቱ ጋ ከሐጂ ጋር ቆመሽ ነበር። ያኔ አንብበሽው ነበር?»

ዮአዳን መዋሸት ትችል ነበር። አልዋሸችም።

«አንብቤው ነበር።»

«አራተኛውን?»

«አራተኛውን።»

«ከዚያ መጥተሽ አጠገቤ ተቀመጥሽ። ደህና ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩሽ።»

«ጠይቀሽኝ ነበር።»

«ደህና ነው አልሽኝ።»

ዮአዳን ሣጥኑን ልትነግራት ፈለገች። አምስት ዓመት ልትል፣ ፈርቼ ነው ልትል ፈለገች። ከአፏ የወጣው ግን «በኋላ አነበብኩልሽ እኮ» የሚል ነበር። ገና ሳትጨርሰው አፈረችበት።

«ሴትዮዋ ስላዘዘችሽ ነው ያነበብሽልኝ፣» አለች ባህሪያ። ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻል ነበር። «ባታዝሽ ኖሮስ? ሐጂ ከሊል ጠላቴ ናቸው፤ ገብቶኛል፤ ከዛሬ ጀምሮ ሳያቸው መንገድ እቀይራለሁ። አንቺን ግን እህቴ ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

ታክሲው ሊሞላ ሁለት ሰው ቀርቶታል። ባህሪያ ገብታ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ዮአዳን እግሯን ደረጃው ላይ አደረገች፤ ጻካኔ ድረስ አብሬሽ ልሂድ፣ መንገድ ላይ እናውራ ልትላት ነበር። ባህሪያ ማህተም ያለበትን ግልባጭ ፌስታሏ ውስጥ ከተተችና ፌስታሉን አጠገቧ ባለው ባዶ ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

ዮአዳን እግሯን ከደረጃው አወረደች።